በርማዊ የተደረገው ጃፓናዊ፦ የ«ዘ ቺት» ፊልም ጉዳይ

በ1918 አንድ የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ ከሦስት ዓመት በፊት ያሳየውን ድምፅ አልባ ድራማ እንደገና ወደ ሲኒማ ቤቶች ሲልክ የፊልሙን ክፉ ሰው አገር ቀየረለት። ሂሹሩ ቶሪ የተባለው ጃፓናዊ ባለጸጋ በአንድ ጊዜ ሃካ አራካው የተባለ በርማዊ (የዛሬዋ ምያንማር ሰው) «የዝሆን ጥርስ ንጉሥ» ሆነ። የሚታየው ሰው ያው ነው። ፊቱ፣ ካባው፣ ቤቱ፣ ወንጀሉና የደረሰበት ቅጣት ሁሉ እንደ ነበሩ ናቸው። የተለወጡት በምስሎቹ መካከል የሚገቡት ጥቂት የጽሑፍ ካርዶች ብቻ ናቸው።

ይህ ለውጥ በፊልም ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። እኔ ግን የጉዳዩ ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛል። አንድ ሕዝብ በፊልም ላይ መጥፎ ሆኖ ሲሳል ማን እንደሚናገርለት፣ ማን እንደሚሰማውና «ተስተካከለ» የተባለው ነገር በማን ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙና ታሪኩ

«ዘ ቺት» ማለት «አታላይ» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ሲሲል ቢ. ዴሚል፣ ደራሲዎቹ ሄክተር ተርንቡልና ጂኒ ማክፈርሰን፣ አምራቹ የጄሲ ላስኪ ኩባንያ፣ አከፋፋዩ ፓራማውንት ነበር። በዲሴምበር 1915 ለሕዝብ ታየ። ዴሚል በዚያ ወቅት ሁለት ፊልም በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር፤ ቀን ቀን ይህንን፣ ማታ ማታ ደግሞ ሌላውን ይቀርጻል። ወጪው ወደ 17,300 ዶላር ሲሆን ያስገባው ከ137,000 ዶላር በላይ ነው። ትርፉን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ኩባንያው ፊልሙን በ1918 ለምን ሊጥለው እንዳልፈለገ ያስረዳልና።

ታሪኩ የሚፈጸመው በኒውዮርክ አቅራቢያ በሎንግ አይላንድ፣ በሀብታሞች ሰፈር ነው። ኢዲት ሃርዲ ባሏ በአክሲዮን ገበያ ከሚያገኘው በላይ የምታወጣ ሴት ናት። የቀይ መስቀል ገንዘብ ያዥ በመሆኗ ለቤልጅየም ስደተኞች የተሰበሰበ 10,000 ዶላር በእጇ ነው። አንድ የቤተሰብ ወዳጅ በአክሲዮን በፍጥነት እንደሚባዛ ሲነግራት ገንዘቡን ሰጠችው፤ ጠፋ። በውርደት ፍርሃት በተያዘችበት ሰዓት በሰፈሩ ግብዣዎች ሁሉ የሚጠራው ጃፓናዊው ቶሪ የ10,000 ዶላር ቼክ ጻፈላት። ዋጋው ራሷ ነበረች።

ወዲያው የባሏ አክሲዮን አተረፈ። በካርታ ጨዋታ ተበላሁ ብላ ከባሏ 10,000 ዶላር ተቀበለችና ብድሯን ልትመልስ ወደ ቶሪ ሄደች። ቶሪ ገንዘቡን አልፈለገም። ታገላት፤ እምቢ ስትለው ንብረቶቹን ሁሉ ምልክት የሚያደርግበትን ማኅተም ከፍም ላይ አንሥቶ ትከሻዋን ተኮሳት። እርሷም ወለሉ ላይ የወደቀ ሽጉጥ አግኝታ ተኮሰችበት።

የአማርኛው ግስ ለሁለቱም ድርጊት አንድ ነው፤ የጋለ ብረትም ጥይትም ይተኩሳል። በፊልሙም ሁለቱ ቁስሎች የሚያርፉት ትከሻ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ እኩል አይመዝናቸውም። የእርሷ ቁስል በኋላ ለፍርድ ቤት ሙሉ ሕዝብ ይታያል፤ የእርሱን ቁስል ግን ማንም ጉዳዬ አይለውም።

ባሏ ሪቻርድ ደርሶ ወንጀሉን በራሱ ላይ ወሰደ፤ ተከሰሰ። ኢዲት ክሱን እንዲተው በገንዘብ ልታባብለው ስትሞክር ቶሪ ሁለተኛ እንደማታታልለው ይነግራታል፤ የፊልሙ ስም የሚጠቁመውም ወደዚያ ነው። ችሎቱ ሪቻርድን ጥፋተኛ ሲለው ኢዲት ተነሥታ ትከሻዋን ገለጠች። ታዳሚው እንደ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ቶሪን ሊሰቅል ተንጋጋ። ዳኛው ፍርዱን ሻረ፤ ባልና ሚስቱም በጭብጨባ መካከል ተቃቅፈው ወጡ።

በችሎት ተነሥቶ ሰው ሊሰቅል የሚሮጥ ሕዝብ በ1915 አሜሪካ ልብ ወለድ ብቻ አልነበረም። በየዓመቱ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሴትን ደፈሩ በሚል ክስ ሰበብ፣ ያለ ፍርድ ይሰቀሉ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ «የአንድ ሀገር ልደት» የተባለው ፊልም ይህንኑ ግፍ እንደ ጀግንነት አሳይቶ የጥቁሮች መብት ማኅበር በየከተማው ተቃውሞ አስነሥቶበት ነበር። «ዘ ቺት» በዚያ ፊልም መጠን ጮሆ የሚሰብክ አይደለም። ነገር ግን የችሎቱን ሁከት እንደ ጽድቅ ቁጣ አድርጎ ሲያቀርብ የሚጠቀመው ያንኑ የተዘጋጀ ስሜት ነው።

ተዋናዩ

ቶሪን የተጫወተው ሴሹ ሃያካዋ ነው። በጃፓን ቺባ አውራጃ የተወለደ፣ በአሜሪካ መድረክ ጀምሮ ወደ ፊልም የገባ ወጣት ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በኖቬምበር 1915፣ ማለትም «ዘ ቺት» ከመታየቱ አንድ ወር በፊት፣ ሜሪ ፒክፎርድ ጃፓናዊቷን ማዳም በተርፍላይን ሆና በሌላ ፊልም ቀርባለች። የእስያ ሰው ሚና ሲኖር ነጭ ተዋናይ ዐይኑን በቅባት እያሾለ መጫወቱ የተለመደ ሥራ ነበር። ዴሚል ግን እውነተኛ ጃፓናዊ መረጠ፤ የቶሪን አሽከር የተጫወተውም ዩታካ አቤ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ በኋላ በአገሩ ስም ያለው ዳይሬክተር ሆኗል።

እንግዲህ የዛሬ ሰው «ውክልና» የሚለውን ነገር በመቁጠር ብቻ ከለካው ይህ ፊልም ጥሩ ውጤት ያገኛል። ጃፓናዊ በጃፓናዊ ተጫውቷል፣ ሚናው ዋና ነው፣ ስሙ በማስታወቂያ ላይ አለ። ይህን መለኪያ ፈጽሞ አልንቅም፤ ሃያካዋ ያንን በር ባይከፍት ኖሮ ቀጥሎ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር። ሆኖም የፊልሙ ጉዳት የሚመነጨው ከዚሁ ጥንካሬው ነው።

ሃያካዋ ሌሎቹ ተዋናዮች እጅ ሲያወናጭፉና ግንባር ሲደግፉ እርሱ ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ቅንድብ ሲያንቀሳቅስ አዳራሹ ያየዋል። በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች የምዕራባውያን ልብስ ለብሶ መኪና ይነዳል፣ ለሴቶች በር ይከፍታል፣ ይቀልዳል፤ ከሪቻርድ ይልቅ እርሱ ጨዋ ይመስላል። ቤቱ ሲገባ የጃፓን ካባ ይለብሳል፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ከፍሙ የሚወጣው ነጸብራቅ ከታች ወደ ላይ ፊቱን ይቀባዋል። ካሜራ አንሺው አልቪን ዋይኮፍና የመድረክ ንድፍ አውጪው ዊልፍሬድ በክላንድ በጥላና በብርሃን የሠሩት ሥራ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። ቶሪ በተተኮሰ ጊዜ ጥላው በወረቀት በተሠራው የጃፓን ግድግዳ ላይ ይንሸራተታል፤ ደሙ ወረቀቱን ያቀላዋል፤ ሪቻርድ ከውጭ ሆኖ ያንን ያያል። ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ እንደዚህች ትዕይንት የከነከነኝ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥበብ ምን ያስተምራል? የሰውየው ጨዋነት ልብስ ነው ይላል። ኮቱ ሲወልቅ ሌላ ሰው ይወጣል ይላል። ከጃፓን ሰዎች መካከል ወንጀለኛ ይኖራል ቢል ማንም አይጣላውም፤ በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ አለና። ቶሪ በኢዲት ላይ ያደረገው ደግሞ በማንኛውም አገር አረመኔነት ነው። የፊልሙ ክስ ግን በአንድ ሰው ላይ አያቆምም፤ ትምህርትም ሀብትም ትሕትናም ቢጨመርበት ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው አይለወጥም የሚል ነው። ክሱን የሚያቀርበው ሰው ደግሞ ነጭ ተዋናይ ቅባት ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ተመልካች ይስቅ ነበር። ሃያካዋ በመሆኑ አመኑት።

ተቃውሞው

በካሊፎርኒያ በ1910 ቆጠራ ወደ 41,000 የሚጠጉ ጃፓናውያን ይኖሩ ነበር። በሕግ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይፈቀድላቸውም። የ1913 የመሬት ሕግ «ዜግነት ማግኘት የማይችል የውጭ ሰው» የእርሻ መሬት እንዳይገዛ፣ ኪራዩም ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ጃፓናውያንን በስም አይጠራም፤ ለማን እንደ ወጣ ግን ሁሉም ያውቃል። ነጭና «ሞንጎላዊ» እንዳይጋቡም የግዛቲቱ ሕግ ይከለክላል። ታዲያ መሬት የነጠቃቸው ሕግ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በሎስ አንጀለስ መሐል ጃፓናዊ ነጭ ሴትን እንደ ከብት ሲተኩስ የሚያሳይ ፊልም ተከፈተ።

ራፉ ሺምፖ የተባለው የከተማው የጃፓንኛ ጋዜጣ ወዲያው ተነሣ። ፊልሙ አሜሪካውያን ጃፓናውያንን አደገኛ ፍጡር አድርገው እንዲያዩ ያደርጋል አለ። የደቡብ ካሊፎርኒያ የጃፓናውያን ማኅበርም ተቃውሞውን አሰማ። ከዴሚልም ከላስኪም ይልቅ ከባዱ ዱላ ያረፈው በሃያካዋ ላይ ነበር፤ ሕዝቡን ሸጠ ተባለ። በጃፓንም የፊልም ጋዜጦች አገር አዋራጅ አሉት፤ ፊልሙ እዚያ ለሕዝብ ሳይታይ ቀረ።

ቁጣቸው ወደ ተዋናዩ መዞሩን ሳስብ አዝናለሁ፤ ግን ይገባኛል። ዴሚልን በምን ይይዙታል? ስቱዲዮውን በምን ይቀጡታል? ሃያካዋ ግን የእነርሱ ልጅ ነው፤ በሚያነቡት ጋዜጣ ሊወቀስ፣ በሚሄዱበት መንገድ ሊታይ ይችላል። አቅም ያጣ ማኅበረሰብ ጉዳቱን ካደረሰው ይልቅ ሊደርስበት የሚችለውን ይዞ ይጠይቃል።

ሃያካዋ በዚያው ወር መጨረሻ በራፉ ሺምፖ ላይ ይቅርታ አወጣ። ሳያስበው የጃፓናውያንን ስሜት መጉዳቱ እንደሚያሳዝነው፣ ወደ ፊትም እንደሚጠነቀቅ ገለጸ። በ1916 ለአንድ የፊልም መጽሔት በሰጠው ቃል ደግሞ እንዲህ ያሉት ሚናዎች ከጃፓናዊ ባሕርይ ጋር እንደማይሄዱ፣ ለሰዎች የተሳሳተ ሐሳብ እንደሚሰጡ፣ ሕዝቡን እንደ አለ የሚያሳይ ሥራ መሥራት እንደሚመኝ ተናገረ።

በሌላ በኩል ያው ሚና ኮከብ አደረገው። አሜሪካውያን ሴቶች ሊያዩት ተሰለፉ። ፊልሙ በ1916 ፓሪስ ሲገባ ጸሐፊዋ ኮሌት አደነቀችው፤ ተቺው ሉዊ ደሉክ ስለ ፊቱ ጻፈ። ፈረንሳዮች ጉዳዩን እስከ ኦፔራ አደረሱት፤ በ1921 በፓሪስ ኦፔራ ኮሚክ ታየ። ለፓሪስ ሰው የቶሪ ፊት አዲስ ጥበብ ነበር። ለሎስ አንጀለስ ጃፓናዊ አትክልት ነጋዴ ግን ነገ ጠዋት ደንበኛው የሚያየው የራሱ ፊት ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን አንዱ ብቻ ነው።

«እርማቱ»

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጃፓን ከ1914 ጀምሮ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጎን ነበረች። አሜሪካ በኤፕሪል 1917 ስትገባ ጃፓን የጦር ጓድ ሆነች። የጓድን አገር ሰው ሴትን በጋለ ብረት የሚተኩስ አድርጎ ማሳየት አሳፋሪ ሆነ፤ ፊልሙ ደግሞ ገና ገንዘብ ያመጣል። መፍትሔው በ1918 የተደረገው ነው።

ድምፅ አልባ ፊልም ለእንዲህ ያለ ሥራ እንዴት እንደሚመች ማየት ይገባል። ተዋናዩ አይናገርም፤ ማንነቱን የሚያስታውቀው በምስሎቹ መካከል የሚገባ የጽሑፍ ካርድ ነው። ካርዱ ለብቻው የሚቀረጽ የፊልም ቁራጭ በመሆኑ በመቀስ ተቆርጦ ይወጣል፤ አዲስ ካርድ ተጽፎ፣ ተቀርጾ፣ በማጣበቂያ ይገባል። አንድም ተዋናይ ሳይጠራ፣ አንድም ትዕይንት እንደገና ሳይቀረጽ የሰው አገር ይቀየራል። ድምፅ ያለው ፊልም ቢሆን ኖሮ የ«ቶሪ»ን ስም ከስንት አፍ ላይ ያጠፉት ነበር?

ምስሉ ግን አልታዘዘም። በርማዊ የተባለው ሰው አሁንም የሚኖረው በጃፓን ቤት ነው። ግድግዳው የጃፓን ወረቀት ነው፤ ካባው የጃፓን ነው። ከሁሉም የሚገርመው ማኅተሙ ነው። የሺንቶ መቅደስ በር «ቶሪዪ» ይባላል፤ ሁለት ምሰሶና ከላይ የተጋደሙ ሁለት እንጨቶች ናቸው። የፊልሙ ሠሪዎች ሰውየውን ቶሪ ብለው የዚያን በር ቅርጽ ማኅተሙ አድርገውለት ነበር። ስሙ ከካርዱ ላይ ሲፋቅ ማኅተሙ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ቀረ።

በርማ ለምን ተመረጠች? ውሳኔውን ያደረጉት ሰዎች ምክንያታቸውን የተናገሩበት ቃል በእጄ ባይኖርም ሁኔታው ራሱ ይናገራል። በርማ ከ1886 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝ እጅ ወድቃ የብሪታንያ ሕንድ ክፍለ ሀገር ሆናለች። በዋሽንግተን አምባሳደር የላትም። በሎስ አንጀለስ ጋዜጣ የሚያሳትም ማኅበረሰብ የላትም። እንግሊዝም ለበርማዊ ክብር ብላ ከሆሊውድ ጋር አትጣላም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ክፉው ሰው ምስራቃዊ ሆኖ ይቀጥል ዘንድ ጠያቂ የሌለው ምስራቅ ተፈለገ።

በርማውያን ዝም ያሉ ሕዝብ አልነበሩም። በእነዚያው ዓመታት የቡዲስት ወጣቶች ማኅበራት አውሮፓውያን በጫማ ወደ መቅደሳቸው እንዳይገቡ ይታገሉ ነበር፤ በ1919 በማንዳሌ መነኮሳት ጫማ ለብሰው የገቡ አውሮፓውያንን በኃይል እስከ ማስወጣት ደርሰዋል። ክብራቸውን የሚያውቁ፣ ለክብራቸውም የሚነሡ ሰዎች ናቸው። ይህ ድምፅ ግን ከራንጉንና ከማንዳሌ ተነሥቶ የስቱዲዮውን ጽሕፈት ቤት ሊያንኳኳ አይችልም።

ስለዚህ የ1918ን ለውጥ እርማት ማለት አልችልም። የጃፓናውያኑ ቅሬታ ትክክል ነበር፤ ትግላቸውም ክቡር ነው። የተመለሰላቸው ግን የጠየቁት አይደለም። «እንዲህ ያለ ሰው አይደለንም» ላሉት «እሺ፣ እናንተ አይደላችሁም» ተባሉ፤ «እንዲህ ያለ ሰው» የሚለው ሐሳብ ግን ሳይነካ ሌላ አድራሻ ተጻፈበት። ያውም መልሱ የመጣው ማኅበሩና ጋዜጣው በጮኹበት በ1915 ሳይሆን፣ የጃፓን መንግሥት ወዳጅነት ባስፈለገበት ጊዜ ነው።

ወዳጅነቱም ብዙ አልቆየም። በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦዛዋ ጉዳይ ጃፓናዊ ዜግነት ሊያገኝ እንደማይችል ወሰነ፤ በ1924 የወጣው ሕግ የጃፓናውያንን ፍልሰት ዘጋ። ካርዱን የቀየረው ቸርነት አንድም ጃፓናዊ ገበሬ መሬት እንዲገዛ አላስቻለውም።

ከዚያ በኋላ

ሃያካዋ በመጽሔቱ የተመኘውን ለመሥራት ሞከረ። ካርዶቹ በተቀየሩበት በዚያው በ1918 ሃዎርዝ የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ከሥራዎቹ መካከል የ1919ኙ «ዘ ድራጎን ፔይንተር» ይጠቀሳል፤ እርሱና ባለቤቱ ጹሩ አኦኪ ሁለቱም ጃፓናውያን ሆነው የሚዋደዱበት ፊልም ነው። የሚተኮስ ሴት የለም፤ የሚያስፈራ ጥላ የለም። አንድ ሰዓሊ ፍቅር ሲያገኝ ጥበቡን ያጣል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ ቅጂው ፈረንሳይ ውስጥ ተገኘና በ1988 ታደሰ። ሃያካዋ በ1922 ሆሊውድን ትቶ ወጣ። ብዙ ቆይቶ በ1957 በተሠራ የጦርነት ፊልም ውስጥ የጃፓን መኮንን ሆኖ ተጫወተና ለኦስካር ታጨ።

«ዘ ቺት» በ1923ና በ1931 በአሜሪካ እንደገና ተሠራ። በመጀመሪያው ክፉው ሰው የሕንድ ልዑል ነኝ ብሎ የሚያታልል ሰው ሆነ፤ በሁለተኛው ነጭ አሜሪካዊ ሆነ። ታሪኩ ያለ ጃፓናዊም ያለ በርማዊም መቆም እንደሚችል ሠሪዎቹ ራሳቸው አሳዩ ማለት ነው። በ1937 ፈረንሳዮች ሲሠሩት ግን ዞረው ሃያካዋን ጠሩ፤ ሄዶም ተጫወተ።

የመጀመሪያው ፊልም በ1993 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ቅጂ የ1918ኙ ነው። ስለዚህ ፊልሙን አሁን የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ የሚያነበው «በርማዊ» የሚለውን ካርድ ነው። ካርዱ ያልፋል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ የጃፓን ካባ የለበሰ ሰው ፍም አጠገብ ተቀምጦ ይታያል፤ የጋለውን ማኅተም አንሥቶ አንድ ትንሽ የዝሆን ጥርስ ቅርጽ ላይ የቶሪዪን በር ይተኩሳል።